ኒክሎት ምን ይባል? አለቃ፣ ንጉሥ ወይስ መስፍን

ጥያቄ፦ ስለ ስላቩ ኒክሎትና ከእሱ ስለተነሣው የመክለንቡርግ ቤት የተጻፈ ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ኒክሎትን «የጎሳ አለቃ»፣ ዘሮቹን «የመኳንንቶች ሥርወ መንግሥት» ብያለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ ሁለቱንም ይለውጧቸው። ኒክሎት በዛሬዋ ሰሜን ጀርመን፣ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩት ኦቦትሪቶች ገዥ ነበር። ኦቦትሪቶች የብዙ ነገዶች ኅብረት ስለነበሩ «የጎሳ አለቃ» ሥልጣኑን ያሳንሰዋል። «ንጉሥ» ደግሞ ያበዛዋል፤ ከእሱ በፊት በኦቦትሪቶች ላይ ነግሦ የነበረው የዴንማርኩ ክኑት ላቫርድ እ.ኤ.አ. በ1131 ሲገደል ግዛቱ ተከፍሎ ኒክሎት የደረሰው ድርሻው ብቻ ነው። የሚስማማው «መስፍን» ነው፤ በዘር የሚወረስ ግዛት ያለውን፣ ዘውድ ግን ያልጫነውን ሰው ይገልጻል።

ችግሩ ወደ ዘሮቹ ሲደርሱ ይመጣል። ኒክሎት በኦገስት 1160 በቬርለ ምሽግ አጠገብ ከሳክሶኒው ዱክ ከአንበሳው ሄንሪ ሰዎች ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ልጁ ፕሪቢስላቭ በ1167 አብዛኛውን የአባቱን ግዛት መልሶ ያገኘው ለዚያው ለሄንሪ በመገዛት ነው፤ ስለዚህ «መስፍን» ቢሉትም የሄንሪ ተገዥ መሆኑን አብረው ይጻፉ። በ1348 የጀርመን ንጉሥ፣ በኋላም አፄ የሆኑት ካርል አራተኛ ለቤቱ የዱክነት ማዕረግ ሰጡት። ዱክንም «መስፍን» ካሉት አንባቢ ማዕረጉ ከፍ ማለቱን አያውቅም። ስለዚህ ከ1348 ወዲህ «ዱክ»፣ ከ1815 ወዲህ «ታላቁ ዱክ» ይበሉ። «ልዑል» እና «ልዕልት» ከቤቱ ተወልደው ግዛት ላልያዙት ይቀመጡ፤ በ1761 የእንግሊዙን ሦስተኛ ጆርጅ ያገባችው ሻርሎት «የመክለንቡርግ ሽትሬሊትስ ልዕልት» ናት (ሽትሬሊትስ የቤቱ አንዱ ቅርንጫፍ ነው)።

«የመኳንንቶች ሥርወ መንግሥት» ሁለት ስሕተት አለበት። መኳንንት ራሱ የመኰንን ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ኦች» አይጨመርበትም። ከዚያም ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ መኰንን በሹመት፣ መስፍን በዘር መሆኑ ነው፤ ተሿሚዎች ሥርወ መንግሥት አይመሠርቱም። እስከ 1918 የገዛ ቤት ስለሆነ «የመክለንቡርግ ሥርወ መንግሥት» ማለት ይበቃል። ገዥነቱን ሳይሆን ቤተሰብነቱን ሲያነሡ «የመክለንቡርግ መሳፍንት ቤት» ይበሉ። «ከኒክሎት የወረደ ሥርወ መንግሥት» ከማለትም «የዘር ሐረጉ ከኒክሎት የሚመዘዝ» የተሻለ አማርኛ ነው።

አንቱታው ላይ ይጠንቀቁ። «ሄንሪ ዘመቱ፣ ኒክሎት ተገደለ» ብሎ መጻፍ ሳይታወቅ ለአሸናፊው ማድላት ነው። በአንድ ዘመን በጠላትነት የቆሙ ሁለት ገዥዎች ወይ ሁለቱም አንቱ፣ ወይ ሁለቱም አንተ ይባሉ።

የስላቭ ስሞች መጨረሻ በ«ቭ» ይጻፍ፦ ፕሪቢስላቭ እንጂ ፕሪቢስላፍ አይባልም። «መክለንቡርግ»ም የጀርመን ስም ነውና በእንግሊዝኛ አነባበብ «ሜክለንበርግ» አያድርጉት።

ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ካስገቡ፣ ከጃንዋሪ እስከ መስከረም መባቻ 8፣ ከዚያ በኋላ 7 ይቀነሳል። ኒክሎት የሞተበት ዓመት 1152 ዓ.ም.፣ የመጨረሻው ታላቅ ዱክ ዙፋኑን የለቀቀበት ኖቬምበር 1918 ደግሞ 1911 ዓ.ም. ይሆናል። ወሩ ካልታወቀ ግን አይቀንሱ፤ «እ.ኤ.አ.» ብለው እንዳለ ይተዉት።