ክንዴ ድንጋይ ይሆንብኛል፣ ረጅም ውድድር መጨረስ አቃተኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 31 ነው፣ የምኖረው ዱባይ ነው። በእረፍት ቀኔ በውድድር ሜዳ ላይ ሞተር እነዳለሁ። የ15 ደቂቃውን ውድድር ያለ ችግር እጨርሳለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን ቀኝ ክንዴ ይወጠራል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ፍሬን መያዜ ራሱ አይታወቀኝም። ጓደኞቼ «ክንድህ ደካማ ነው፣ ብረት አንሳ» አሉኝ። ሁለት ወር ሠራሁ፣ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የክንዱን ብረት ያቁሙ። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ችግሩ ሞተረኞች «አርም ፓምፕ» የሚሉት ይመስለኛል። ጡንቻ ሲሠራ ደም ሞልቶት ያብጣል። ከክርን በታች ያሉት ጡንቻዎች ደግሞ በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልለዋል፣ ልክ እንደ ጠባብ እጅጌ። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ደም ስሩና ነርቩ ይጨነቃሉ። ብረት ሲያነሱ ጡንቻው ወፈረ፣ እጅጌው ግን ያው ነው። ለዚህ ነው የባሰብዎት።

የውድድሩ ርዝመትም እዚህ ላይ ይመጣል። በሞቶ ጂፒ፣ ማለትም በዓለም ትልቁ የሞተር ብስክሌት ውድድር፣ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቅዳሜው አጭር ውድድር የእሁዱን ግማሽ ያህል ነው። የእሁዱ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አጭሩ ላይ የማይታይ ችግር እሁድ ይወጣል። በ2021 በስፔን ሄሬዝ ተወዳዳሪው ፋቢዮ ኳርታራሮ እየመራ ሳለ ክንዱ ከዳው፣ 13ኛ ሆኖ ጨረሰ። ያን ቀን ያሸነፈው ጃክ ሚለር ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለዚሁ ችግር ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ነበር። ኳርታራሮም ቢሆን በ2019 ተሠርቶለት ነበር፣ ተመለሰበት። ስለዚህ ቢላዋ የመጀመሪያው መፍትሔ እንዲሆን አልፈልግም።

አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ክርኖችዎን ላላ ያድርጉና እንደ ዶሮ ክንፍ ትንሽ ያወዛውዟቸው። እምቢ ካሉ፣ መሪው ላይ ተንጠልጥለዋል ማለት ነው። ፍሬን ሲይዙ ሰውነትዎ ወደፊት ይገፋል። ያንን ክብደት መሸከም ያለባቸው ሰርባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ጥብቅ አድርገው የያዙት ጭኖችዎ፣ ሆድዎና ወገብዎ ናቸው። ጉልበት የሚያስፈልገው እዚያ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሳያቋርጡ 45 ደቂቃ ብስክሌት ይንዱ፣ የጭንና የሆድ ስፖርት ይጨምሩበት። የፍሬን መያዣውንም ለእጅዎ ልክ ያስተካክሉት።

የዱባይን ሙቀት ደግሞ አይናቁት። በ2023 ሕንድ ውስጥ በሙቀቱ ምክንያት የሞቶ ጂፒ ውድድር ከ24 ወደ 21 ዙር ተቀንሶ ነበር። ያም ሆኖ ሁለተኛ የወጣው ሆርሄ ማርቲን ውሃ አጥሮት ተዝለፈለፈ። ከመውጣትዎ በፊትና ሲመለሱ ይመዘኑ። አንድ ኪሎ ከቀነሱ አንድ ሊትር ገደማ ላብ ወጥቷል ማለት ነው።

በሁለት ሦስት ወር ለውጥ ካላዩ የስፖርት ወይም የአጥንት ሐኪም ጋ ይሂዱ። ከእንቅስቃሴ በፊትና በኋላ የጡንቻው ግፊት በመርፌ ይለካል። ቀዶ ሕክምናው ሽፋኑን መክፈት ነው። ሌሊት አውራ ጣትና ሌባ ጣትዎ የሚደነዝዙ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ የእጅ አንጓ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ይንገሩት።

የአርም ፓምፕ ሕመም ሲያርፉ ይለቃል። ወድቀው ከተመቱ በኋላ ግን ክንድዎ ተወጥሮ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣት ሲዘረጉ የሚያስጮህ ከሆነ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።