ቴርማል ካሜራ ግድግዳ ውስጥ አያይም፤ ግን ግዛው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ስልክ ላይ የሚሰካ ቴርማል ካሜራ (ሙቀትን በምስል የሚያሳይ) ልገዛ ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ያለ የውሃ ፍሳሽና የሚግል ብሬከር ያሳየኛል ወይ ነው ያልከው። ፋብሪካ ጥገና ላይ ሆኜ ካሜራውን ለዓመታት ተሸክሜዋለሁ፣ ተሸውጄበታለሁም፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ "ግድግዳ ውስጥ" የሚባለውን እርሳው። የሚያየው የላዩን ሙቀት ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ነገር ላዩን ካላሞቀው ወይ ካላቀዘቀዘው ምንም አይታይህም። መስታወት እንኳን አያሳልፍለትም። የፓኔሉን፣ የብሬከሮቹን ሳጥን ማለቴ ነው፣ የፕላስቲክ ክዳን ሳትከፍት ብታነሳ የክዳኑን ሙቀት ይዘህ ትመለሳለህ።

ኤሌክትሪክ ላይ ግን ዋጋውን ያወጣል። ብቻ ሎድ ይኑር፣ ማለትም መስመሩ ላይ ከረንት የሚስብ ዕቃ ይሥራ። ከረንቱ ግማሽ ሲሆን የላላ ብሎን ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ስለዚህ አምፖል ብቻ አብርተህ ብታነሳ ሁሉም ጤነኛ ይመስልሃል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን አንሳ። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ቢሆን በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የታመመው ብሬከር ራሱን ያጋልጣል።

ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን እይ። ፓኔልህ ባለሦስት ፌዝ ከሆነ ሦስቱንም ፌዞች (ኤሌክትሪኩን የሚያመጡትን ሦስት መስመሮች) አንድ ምስል ላይ አስገባ። እኩል ሎድ ይዘው አንዱ ከሌሎቹ በ15 ዲግሪ ከበለጠ አታሳድረው። ጫፉ ላይ ግሎ በኬብሉ እየራቀ ሲሄድ ከቀዘቀዘ ማሰሪያው ላልቷል። ኬብሉ ዳር እስከ ዳር እኩል ከሞቀ ግን ማጥበቅ አያድነውም፣ ወይ ሎዱ በዝቷል ወይ ኬብሉ ቀጭን ነው።

አሁን የተሸወድኩበትን ልንገርህ። አንድ አዲስ የመዳብ ባስባር (ፓኔል ውስጥ ከረንት የሚያከፋፍል ጠፍጣፋ ዘንግ) 31 ዲግሪ አሳየኝና "ሰላም ነው" ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። የሚያብረቀርቅ ብረት የራሱን ሙቀት ደብቆ የክፍሉን፣ አንዳንዴ የአንተኑ የፊት ሙቀት እንደ መስታወት እንደሚመልስ ማን ነግሮኝ! አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን መብራት አስጠፍቶ ጥቁር ናስትሮ ለጠፈበት፣ ተመልሶ ሲበራና ሎድ ሲይዝ ናስትሮው ላይ 74 አነበበ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ባዶ መዳብ አላምንም፣ አጠገቡ ያለውን የኬብል ፕላስቲክ ነው የማነበው። አንተም ናስትሮ ስትለጥፍ መብራቱ ይጥፋ፣ በነፍስህ አትቀልድ።

የውሃው ነገር ይከብዳል። የሙቅ ውሃ መስመር ከሆነ ቀላል ነው፣ ቦይለሩን አብርተህ ሙቁን ክፈትና ሩብ ሰዓት ጠብቅ፣ መስመሩ ግድግዳው ላይ ይሳልልሃል፣ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ደግሞ ይሰፋል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ራሱን አያሳይም። እርጥብ ልስን ውሃው ሲተን ስለሚቀዘቅዝ ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ያው ጥላ ያረፈበት ግድግዳና ኮሎንም እንደዚያው ናቸው። እኔ የእርጥበት መለኪያ ሳላስነካ ሴራሚክ አላስፈርስም፤ አንዴ አስፈርሼ ደረቅ ብሎኬት ነው ያገኘሁት፣ ባለቤቷ ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

ለቤት ፓኔል የስልኩ ይበቃሃል፣ ቀረብ ብለህ ስለምታነሳ። ከፍ ብሎ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ግን ከሩቅ ትንሽ ነጥብ አይለይም።

ፍሳሹ ብቻ ከሆነ ያስጨነቀህ ደግሞ ገና አትግዛ። ማታ ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ ዝጋ፣ ቧንቧዎቹንም ሁሉ ዝጋ፣ የውሃውን ልክ ሮቶው ላይ ምልክት አድርገህ ተኛ። ጠዋት ወርዶ ካገኘኸው ያኔ ካሜራውን እናወራለን።