መልስ፦ ለደብረ ብርሃኑ ሱቅ ፋይበር ወይስ ሲም የሚገባበት ራውተር?

በደብረ ብርሃን ለሚከፍቱት የብርድ ልብስ ማከፋፈያ ፋይበር ላስገባ ወይስ ሲም የሚገባበት ራውተር ልግዛ ብለው ለጠየቁት፣ የፋይበር መስመር እስከ ሕንፃው ከደረሰ ያለ ማመንታት ፋይበሩን ይያዙ፤ ሲሙን ለመጠባበቂያ ያስቀምጡት።

የሞባይል ኢንተርኔት ፍጥነት በአንድ ማማ ሥር ላሉ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚከፋፈል በመሆኑ፣ በገበያ ቀን ሰው ሲበዛ ይወርዳል። በተጨማሪም የሱቅዎን ካሜራ አዲስ አበባ ሆነው በቀጥታ ለመክፈት ቋሚ አይፒ (የማይለወጥ የኢንተርኔት አድራሻ) ካስፈለገዎ፣ በሲም መስመር አብዛኛውን ጊዜ አያገኙትም። ስለ ስልኩ አይስጉ፤ አንድ የኢንተርኔት ጥሪ በየአቅጣጫው በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት ገደማ ብቻ ስለሚወስድ፣ ለሦስት ሠራተኞች ጥሪ ብለው ትልቅ ጥቅል መግዛት አያስፈልግዎትም።

ፋይበር ካልደረሰና የቀረበልዎ የመዳብ መስመር ከሆነ፣ እስከ ቴሌ ጣቢያው ያለውን የኬብል ርዝመት ይጠይቁ፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳልና።

ከልምድ የማስጠነቅቅዎ አንድ ነገር አለ። የመዳብ ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከጣቢያው ስለሆነ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ በፋይበር የሚመጣው ስልክ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መሣሪያ ኃይል ሲያጣ አብሮ ይጠፋል። እኔ በምሠራበት ቢሮ መብራት በሄደ ቁጥር የደንበኞች ጥሪ የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ የፋይበሩን መሣሪያና የራውተሩን አዳፕተሮች ገልብጠው ያንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ይላል፣ አምፔሩም ከጎኑ ተጽፏል። ቮልቱ ከየመሣሪያው ጋር እኩል የሆነ፣ አምፔሩም ከሁለቱ ድምር የማያንስ አነስተኛ የመጠባበቂያ ባትሪ ገዝተው ለፋይበሩ መሣሪያም ለራውተሩም ያገናኙ።