በኤ.ኤም. ሬዲዮ ሰዓት መግዛት ያዋጣል ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። «ዋሽንግተን አካባቢ ላለው ማኅበረሰባችን ሳምንታዊ የሙዚቃ ዝግጅት ልንጀምር ነው፤ ኤ.ኤም. ጣቢያ ላይ የአየር ሰዓት ብንገዛ ያዋጣናል? ሙዚቃስ በኤ.ኤም. ይደመጣል?» ብለህ ጠይቀሃል። እዚሁ ከተማ ለዓመታት እሑድ እሑድ በተገዛ ሰዓት ሙዚቃ ሳጫውት ኖሬአለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ከዋጋው በፊት ጣቢያው ፀሐይ ስትጠልቅ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ቀን ላይ የኤ.ኤም. ሞገድ ምድር ለምድር ስለሚሄድ ብዙም አይርቅም። ሲመሽ ግን ቀን ሞገዱን ይውጠው የነበረው የአየር ንብርብር ይጠፋና፣ ሞገዱ ከፍ ብሎ ካለው ንብርብር ላይ ነጥሮ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። ማታ መኪናዬ ውስጥ የናሽቪሉን 650 እና የቦስተኑን 1030 ጣቢያዎች እዚህ ሆኜ እሰማ ነበር። እነሱ በ50,000 ዋት ያሰራጫሉ፤ አሜሪካ ለኤ.ኤም. የምትፈቅደው ከፍተኛው ኃይል ይኸው ነው። እንደነዚህ ያሉት እንዳይረበሹ ብዙ ትንንሽ ጣቢያዎች ሲመሽ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ይዘጋሉ። ፈቃዳቸው ነው የሚያስገድዳቸው፤ ሰዓቱም ወር በወር ይለያያል። ዲሴምበር ላይ እዚህ ፀሐይ በአሜሪካ ሰዓት 4:45 ገደማ ትጠልቃለች፤ ጁን ላይ ግን 8:30 ያልፋል።

ኃይል ሲቀነስ ስቱዲዮ ውስጥ ላለው ሰው ምንም አይታወቀውም። ጆሮህ ላይ ያለው ድምፅ ያው ነው። እኔ የማውቀው በስልኩ ነበር። ደዋዮቹን «ከየት ነው?» እያልኩ እጠይቃለሁ፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከባልቲሞር የሚደውል ሰው አይኖርም። ስለዚህ ለሩቁ አድማጭ የሚሆነውን ነገር ሁሉ ወደ መጀመሪያው እገፋ ነበር።

ወደ ሙዚቃው ስመጣ፣ በደንብ ይደመጣል፤ ግን መምረጥ ይጠይቃል። ኤ.ኤም. ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጠዋል፤ የቤትና የመኪና ሬዲዮዎች ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆርጡታል። የከበሮ ሳህኑ ይጠፋል፣ ኪቦርድ የበዛበት አዲስ ዳንኪራ ይጨማለቃል። የሰው ድምፅ ግን ጎልቶ ይወጣል። መሲንቆም እንዲሁ። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ፣ በቀጣዩ ዝግጅት ከእሱ ሌላ የማንንም ዘፈን አላጫወትኩም። ያ ድምፅ በትንሿ የታክሲ ስፒከር እንኳ ቃል በቃል ይሰማል። ኤፍ.ኤም. ላይ የለመድነውን በዘፈኑ መግቢያ ላይ የመናገር ልማድ ግን ተዉት፤ ንግግሩና መሣሪያው እዚያው ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚጋፉ አንዱም አይሰማም። ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉና ተናገሩ፣ ከዚያ ልቀቁት።

አድማጮቼ በብዛት ታክሲ ነጂዎችና ቤት የሚውሉ እናቶች ነበሩ። ነጂው ድልድይ ሥር ሲገባ ድምፁ ይሰወራል፤ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ሲያልፍ ይንጫጫል። ከሙዚቃው ይበልጥ የሚጠበቀው ደግሞ የለቅሶ ማስታወቂያ ነው። እሱን ስናገር ምንም ሙዚቃ ከሥሩ አላስገባም፤ ስሙን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ሰዓቱን ቀስ ብዬ እናገራለሁ፣ ከዘፈን በኋላ እንደገና እደግመዋለሁ። ቀብር ያመለጠው ሰው ቅሬታው ከባድ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ ሬዲዮዬ እናንተን ዘልሎ ያልፋል» አሉኝ። ከጅዳ ያመጧት ቁጥር የምታሳይ ሬዲዮ ነበረች። በእኛና በዓረብ አገር የመካከለኛ ሞገድ፣ ማለትም የኤ.ኤም.፣ ጣቢያዎች በ9 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ይቀመጣሉ፤ አሜሪካ ግን በ10 ነው። የእሳቸው ሬዲዮ ከ1035 ወደ 1044 ትዘላለች፤ 1040 ላይ ያለ ጣቢያ መሃል ላይ ይቀራል። ጀርባዋ ላይ 9 እና 10 የሚል ትንሽ ማዞሪያ እንዲፈልጉ ነገርኳቸው፤ የልጅ ልጃቸው አገኘላቸው። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ በዝግጅቱ ላይ ደጋግሜ እናገር ነበር፤ እናንተም ተናገሩ።

ዛሬ ያዋጣል ወይ? ነጂዎቹን ብቻ አስባችሁ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ኤ.ኤም.ን ስለሚረብሽ አንዳንድ አምራቾች የኤ.ኤም. ሬዲዮውን ከነጭራሹ አውጥተውታል። ኢንተርኔት ለማይጠቀሙ አረጋውያን ግን ዛሬም ከዚህ የሚቀል ነገር አላውቅም፤ ለእነሱ ስትሉ ግዙት። እሑድ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ከቀትር በኋላ ክፍት ከሆነ እሱን ያዙ፤ ቅዳሴ ወጥቷል፣ ምሳ ቀርቧል፣ ፀሐይም በዲሴምበር እንኳ አልጠለቀችም። የስፖንሰሮቻችሁን ስም በአየር ላይ መጥራት ግዴታ ስለሆነ ከእነሱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቅጂውንም በዚያው ቀን ኢንተርኔት ላይ ጫኑት።