ሽጉጡን ከመሸጥህ በፊት ካዝናውን እየው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ሌሊት ጥበቃ እሠራለሁ፤ ፈቃድ አለኝ። ሽጉጤ ግሎክ 19 ነው። አብረውት የመጡት ሁለት ካዝናዎች (ጥይት የሚሞላባቸው) አንድም ቀን አስቸግረውኝ አያውቁም። በቅርቡ ሦስተኛ ካዝና በኢንተርኔት በርካሽ ገዛሁ። ልምምድ ላይ አራተኛው ወይም አምስተኛው ጥይት ላይ ይነክሳል፤ ጥይቱ ተቀርቅሮ አልተኩስ ይላል። ጓደኞቼ «ሽጉጡን ሽጠው» ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽጉጥህን አትሽጥ። መልሱን ራስህ ጽፈህልኛል። በሁለቱ ካዝና ደህና ሠርቶ በሦስተኛው ከነከሰ፣ ጥፋቱ የሦስተኛው ነው።

ሀገር ቤት ወታደር ሳለሁ መሣሪያ ግምጃ ቤት ነበርኩ። በእጄ ብዙ ማካሮቭ ሽጉጥ አልፏል። ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል፤ ማውጫው ከእጀታው ግርጌ ነው። አንድ መቶ አለቃ «ይሄ ሽጉጥ ታሟል» ብሎ አመጣልኝ። ካዝናውን ከሌላ ማካሮቭ ጋር አቀያየርኩት። በሽታው ካዝናውን ተከትሎ ሄደ። ብርሃን ላይ ይዤ ሳየው የአፉ ጠርዝ በቀኝ በኩል የጥፍር ውፍረት ያህል ተከፍቷል። ድንጋይ ላይ ወድቆበት ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ የማየው ካዝናውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትተኩስ ስላይዱ፣ ማለትም ስበህ የምታቀባብልበት የላይኛው ብረት፣ ወደኋላ ሄዶ በቅጽበት ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ገፍቶ ቦታው ላይ ማድረስ አለበት። ሞላው ከደከመ ስላይዱ ይቀድመዋል። የአፉ ጠርዝ ከሰፋ ጥይቱ አፍንጫውን ከልክ በላይ ያነሳል። ከጠበበ ደግሞ አልለቅም ይላል። የውስጡ ግድግዳም ቀላል ነገር አይደለም። በ2003 ኢራቅ የገቡ የአሜሪካ ወታደሮች በኤም9 ቤሬታቸው ካዝና ተማረው ነበር። የካዝናው ቅብ ሸካራ ስለነበር ዱቄት የሚመስለው የበረሃ አሸዋ ይይዝበትና ጥይቱ ወደ ላይ መውጣት ያቅተው ነበር። ሽጉጡ ያው ሽጉጥ ነው።

ለሥራ የምትይዘው ካዝና የሽጉጡ ፋብሪካ ራሱ የሠራው ይሁን። የግሎክ ካዝና ውስጡ ብረት፣ ውጩ ፕላስቲክ ነው። ከታወቀ መደብር ግዛ፤ አስመስሎ የተሠራ በኢንተርኔት ሞልቷል። ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ብለህ ሕይወትህን አታስይዝ። አንድ ነገር ልብ በል፦ የግሎክ 17 ካዝና ያንተ ሽጉጥ ውስጥ ይገባል፤ ግን 17 ጥይት ይይዛል። ኮሎራዶ ከ2013 ጀምሮ ከ15 በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ ከልክላለች። ያንተው 15 ስለሆነ እዚያው ላይ እርጋ።

አዲስ ካዝና ስትገዛ ቁጥር ጻፍበት፤ ነጭ ቀለም ይበቃል። ሲነክስ «የትኛው ነበር?» ብለህ አትጨነቅም። እስከ አፉ ሙላው፤ ስላይዱ እንደተዘጋ አስገባውና ቀጭ ብሎ መያዙን እይ። የምትተኩሰው ለሥራ የምትይዘውን ጥይት ይሁን። እኔ በበኩሌ 100 ጥይት ሳይነክስ ያላለፈ ካዝና ቀበቶዬ ላይ አላደርግም። የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ስላይዱ ወደኋላ እንደተከፈተ መቅረት አለበት። ካልቀረ ያንን ካዝና ለይተህ አስቀምጠው። ስታጸዳው በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረገው። ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሽጉጡን ካዝና ሞልቶ ወራት ያስቀምጠዋል። ሞላው አይደክምም? ሽጉጡ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ካዝናውን ስለሚያወጣ ሥጋት የለም ይለኛል። እህታችሁ ከዳላስ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሞላው አያስጨንቅሽ። ደህና ሞላ የሚደክመው ተሞልቶ በመቀመጡ ሳይሆን በመሞላትና በመራገፍ ብዛት ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ መሳቢያው ነው። ካዝና ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። የተቀባበለች አንዲት ጥይት ውስጥ ትቀራለች። ብራውኒንግ ሃይ ፓወር የሚባለው ሽጉጥ ካዝናው ሲወጣ ቃታው አይሠራም፤ ግሎክ ግን ይተኩሳል። በዚህ ላይ የሚሳሳቱት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ስንት ዓመት መሣሪያ የያዘ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። ስለዚህ ባለቤትሽ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ መጀመሪያ ካዝናውን ያውጣ። ከዚያ ስላይዱን ስቦ ይያዘውና የጥይቱን ማደሪያ በዓይኑ ይይ፣ በትንሽ ጣቱም ይዳስስ። ከዚያ ሽጉጡን ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበት። ዛሬ ማታ ሲገባ ይህንን አንብቢለት።