41 ኪሎ ካራገፍኩ በኋላ ስለ ፕሮቲን ዱቄት፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ከ118 ኪሎ ወደ 77 ለመውረድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሰው ሁሉ "ምነው፣ አሞህ ነበር እንዴ?" ማለት ሲጀምር ነው ከስቡ ጋር ጡንቻዬም አብሮ እንደሄደ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ጅማ ብረት እሰራለሁ፤ ዱቄትም እገዛለሁ፣ አንዳንዴም ተሸውጃለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀውን ግን እመልሳለሁ፤ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ 35 ኪሎ ቀንሼ አሁን 75 ነኝ። ጂም የማውቀው ልጅ "ማስ ጌይነር ያዝ" አለኝ። ልግዛ?

አትግዛ። ማስ ጌይነር የተሰራው በልቶ በልቶ ኪሎ አልጨምር ላለው ቀጫጫ ነው። አብዛኛው ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ሆድ ውስጥ ቶሎ ወደ ስኳር የሚቀየር ነገር። ስንት ወር ታግለህ ያወረድከውን በሼከር እየጠጣህ ትመልሰዋለህ።

ማንኛውንም ዱቄት ስታይ አንድ ሂሳብ ስራ። በአንድ ስኩፕ (ከዱቄቱ ጋር በሚመጣው መስፈሪያ ማንኪያ) ያለውን የፕሮቲን ግራም ለስኩፑ ክብደት አካፍል። 30 ግራም ስኩፕ 24 ግራም ፕሮቲን ካለው 80 በመቶ ነው፣ ጥሩ ነው። 150 ግራም ስኩፕ 30 ግራም ብቻ ካለው 20 በመቶ ነው። ለቀረው 80 በመቶ ምን እየከፈልክ እንደሆነ አስበው።

በቀን የሚያስፈልግህ ደግሞ በአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ነው። ላንተ 120 ግራም። መጀመሪያ ከሳህንህ ስንት እንደምታገኝ ቁጠር፣ ዱቄቱ የጎደለውን ይሙላ። ብረት ካላነሳህ ግን 120ውም ጡንቻ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ወተት ሆዴን ይነፋኛል። ዌይ ፕሮቲን ይስማማኛል?

ዌይ ማለት የኛው አጓት ነው። አይብ ሲወጣ የሚቀረው ውሃ ተጣርቶና ደርቆ ነው ዱቄት የሚሆነው። ኮንሰንትሬት የሚባለው ላክቶስ ስላለበት ሊነፋህ ይችላል። አይሶሌት 90 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው፣ ላክቶሱ በጣም ትንሽ ነው። ዋጋው ግን ይወደዳል። ወተት የሚስማማው ሰው ለአይሶሌት ተጨማሪ ብር የሚያወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ እንዲያ ከሆነ ለምን አጓቱን ራሱን አንጠጣም?

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። አጓት በመቶ ግራም አንድ ግራም እንኳ ፕሮቲን አይሞላም። የአንድ ስኩፕ ያህል ለማግኘት ሦስት ሊትር ልትጠጣ ነው። በዚያ ላይ እኛ አይብ የምናወጣው አሬራውን አሙቀን ስለሆነ ብዙው ፕሮቲን ከአይቡ ጋር ይሄዳል። አይቡን ብላ።

ጥያቄ፦ እኔ ጿሚ ነኝ፣ 68 ኪሎ። በሁዳዴ 55 ቀን ምን ልሁን?

እህቴ፣ ላንቺ ስሌቱ 109 ግራም ይመጣል። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። ሳይሰራ በፊት መዝኚው፦ 80 ግራም ደረቅ ምስር 20 ግራም ገደማ፣ 60 ግራም ሽሮ 12 ገደማ፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 8 ገደማ። ሶያ ሥጋ የሚባለው ደረቁ ግማሹ ፕሮቲን ነው፤ 50 ግራም ቀቅለሽ በስልስ ብትሰሪው 25 ግራም አገኘሽ። እንጀራውም የራሱን ይጨምራል። የቀረውን የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን ዱቄት ይሞላል። ጀርባውን ግን አንብቢ፤ ፊት ለፊቱ "ሶያ" ብሎ ውስጡ የወተት ፕሮቲን የቀላቀለ አለ።

ዘይቷን ጠንቀቅ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው። የኛ ሽሮ ደግሞ በአንድ ማንኪያ አይበቃውም።

ጥያቄ፦ ረመዳን ላይስ?

ያው መጠን ነው፣ ሰዓቱ ብቻ ይጠብባል። ለኢፍጣርና ለሱሁር ከፋፍለው። አንዱን ስኩፕ ሱሁር ላይ አድርገው፤ ያን ሰዓት ሥጋ ማኘክ ማን ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሴት ልጄ ለውፍረት የሆድ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ይሄ ዱቄት ኩላሊቷን አይጎዳባትም?

እናቴ፣ እንኳን በሰላም ወጣችልዎ። ኩላሊቷ ጤነኛ ከሆነ ፕሮቲን አይጎዳትም። የኩላሊት ችግር ካለባት ግን መጠኑን የሚወስነው ሐኪሟ ነው፤ ምርመራው ሳይታይ እንዳይጀምሩላት። እንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው ብዙ ጊዜ የሚነገረው በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። ሆዷ ስለጠበበ በአንዴ አትጠጣው፣ በትንሽ በትንሹ ፉት ትበል። ዱቄቱ የታዘዘላትን ቫይታሚን አይተካም፤ በተለይ ቢ12ና አይረን እንዳይቋረጡባት።

ጥያቄ፦ ፎርጂዱን በምን እንለየው?

እኔም ተበልቻለሁ። በርካሽ አገኘሁ ብዬ ክዳኑን ስከፍት አፉ ላይ የተለጠፈው ፎይል ጫፉ ተነስቷል። ሻጩ "መንገድ ላይ ተነቃንቆ ነው" አለኝ፣ አመንኩት። ቤት ወስጄ በውሃ ስመታው ታች እንደ በሶ ዘቀጠ። በነጋታው ትንሽ በፈላ ውሃ ሞከርኩት። ዌይ የፈላ ውሃ ሲነካው እንደ አይብ ይቋጠራል። የኔው እንደ አጥሚት ወፈረ!

ስታርች የተቀላቀለበት ከመሰላችሁ ከፋርማሲ ቤታዲን ግዙ። ከዱቄቱ ትንሽ በጥብጡና አንድ ጠብታ ጣሉበት፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተቀየረ ስታርች አለበት። ከዚያ ድፉት፣ እንዳትጠጡት። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ፎይሉን፣ ማብቂያ ቀኑንና የባች ቁጥሩን (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየውን) እዩ። ኢንፎርምድ ስፖርት የሚል ምልክት ካለው (ለስፖርተኛ የተከለከለ ነገር እንዳለበት ላብራቶሪ የሚመረምር ፕሮግራም ነው) የባች ቁጥሩን ድረገጻቸው ላይ ማመሳከር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ክሬቲን ጀምሬ በሳምንት 1 ኪሎ ተኩል ጨመርኩ። ደነገጥኩ።

አይዞህ፣ ውሃ ነው። ክሬቲን ብረት ስታነሳ ጉልበት እንዲጨምርልህ የሚወሰድ ዱቄት ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ውሃ ይይዛል። እንደኛ ከሚዛን ጋር የኖረ ሰው ቁጥሩ ሲወጣ ያብዳል፣ አውቀዋለሁ። ወገብህን በሜትር ለካ፤ እሱ ካልጨመረ ቀጥል። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ሞኖሃይድሬት ይበቃል፤ ተራው ነው፣ ርካሹም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለላላው ቆዳዬ ኮላጅን ቢሆንስ?

ለጡንቻ አይሆንም። ኮላጅን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ የሆነው ትሪፕቶፋን ጭራሽ የለውም። ክንድህ ሲሞላ ቆዳው ትንሽ ይወጠራል፤ ሆድ ላይ ያለው ብዙ የላላ ቆዳ ግን በዱቄትም በብረትም አይሄድም። የኔም አለ።

ጥያቄ፦ በአቮካዶ ጁስ ብመታውስ? በቡናስ?

ጅማ ላይ አቮካዶ አትጠጣ ማለት ይከብዳል። ግን አንድ ትልቅ ብርጭቆ ጁስ ስኳሩን ጨምሮ እንደ አንድ ምግብ ነው፤ ምሳህን ተክተህ ከሆነ ጠጣው፣ ከምሳ በላይ ከሆነ ይቅር። ቡናውን አቀዝቅዘው። ትኩስ ላይ ከጨመርከው እንዳልኩህ ይቋጠራል፤ ስኒ ሙሉ አይብ ይዘህ ትቀመጣለህ።