ራጁ ንጹሕ ነው፣ ቅልጥሟ ግን ያማታል፦ ስለ ወጣቷ ሯጭ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ወንድሜ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎች አባላትም እንዲከተሉ በአጭሩ ልድገመው። የ19 ዓመት እኅትዎ ሱሉልታ ውስጥ በአንድ ክለብ ታቅፋ ለግማሽ ማራቶን ትዘጋጃለች። የቀኝ ቅልጥሟ የውስጥ ጎን ከታመመ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሕመሙ በጀመረ በሳምንቱ የተነሣችው ራጅ ምንም አላሳየም። አሰልጣኟ የሕመም ማስታገሻ መርፌ እንድትወጋና ሶሉ ውስጥ የካርቦን ሰሌዳ ያለው ጫማ እንድትገዛ መክሯታል፤ ከሁለት ወር በኋላም ውድድር አለባት። በጽሑፍዎ መጨረሻ ላይ ደግሞ በቅንፍ ውስጥ «የወር አበባዋ ከቀረ ሰባት ወር ሆኖታል፣ ይህ ግን በሯጮች ዘንድ የተለመደ ነው ይባላል» ብለዋል። እኔ ምላሼን የምጀምረው በቅንፍ ከተቀመጠችው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

በፊዚዮቴራፒ ሙያ ከረጅም ርቀት ሯጮች ጋር አሥራ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ክለብ ውስጥ የሚጠሩኝ ወጌሻ እያሉ ነው፣ እኔም ስሙን አልጠላውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእኅትዎ እኩያ የሆነች አንዲት ሯጭ በዚሁ ሕመም ወደ እኔ መጥታ ነበር። በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሮጥ፣ የምትሮጠው አስፋልት ላይ ይሁን ኮረኮንች ላይ፣ ጫማዋ ስንት ወር እንዳገለገለ፣ ቁልቁለት ላይ ይብስባት እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቅኋት። አሳረፍኋት፣ የባቷን ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ሰጠኋት፣ በስምንተኛው ሳምንት ወደ ቡድኑ መለስኋት። አራት ወር ሳይሞላ ሌላኛው ቅልጥሟ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ የመረመረቻት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለ ወር አበባዋ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በላይ አላየችም ኖሯል። እኔ አፍሬ አልጠየቅኋትም፣ እርሷም አፍራ አልነገረችኝም፤ የሁለታችን እፍረት አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት አስከፈላት።

የወር አበባ መቅረት በሯጮች ዘንድ የሚያጋጥም መሆኑ እውነት ነው፤ የሚያጋጥም መሆኑ ግን ጤና አያደርገውም። የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ የተዛባ አመጋገብን፣ የወር አበባ መቅረትንና የአጥንት መሳሳትን በአንድ ላይ አያይዘው «የሴት ስፖርተኞች ሦስትዮሽ ችግር» ይሉት ነበር። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የጋራ መግለጫ ጉዳዩን አስፍቶ ወንዶችንም ጨምሮ «በስፖርት ውስጥ የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት» ብሎ ሰየመው፤ መግለጫውም በ2018 እና በ2023 ታድሷል። ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ነው፦ አንዲት ስፖርተኛ ከምትበላው ምግብ ከምታገኘው ኃይል ላይ ሩጫው የወሰደው ሲቀነስ፣ በተረፈው ነው ልቧ የሚመታው፣ ሙቀቷ የሚጠበቀው፣ አጥንቷም የሚታደሰው። የተረፈው ሲያንስ አንጎል ለጊዜው ሕይወትን ለማቆየት የማያስፈልገውን ሥራ ይቀንሳል፤ ከሚቀነሱትም አንዱ የመራባት ሥራ ነው። ከአንጎል ወደ እንቁላል ማምረቻዎች የሚሄደው የሆርሞን ትእዛዝ ሲላላ ኤስትሮጅን ይወርዳል፤ ኤስትሮጅን ደግሞ የአጥንትን መፍረስ የሚገታ ልጓም ነው። ሯጭ በየእርምጃዋ አጥንቷን በጥቂቱ ትጎዳዋለች፣ በእረፍት ጊዜም ይጠገናል፤ ልጓሙ ከላላ ግን መፍረሱ መጠገኑን ይቀድመዋል። የእኅትዎ ቅልጥምና የእኅትዎ የወር አበባ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው ብለው እንዳያስቡ የምለው ለዚህ ነው።

በቁጥር ልግለጸው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አን ላውክስ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት ጤነኛ ሴቶችን ለአምስት ቀናት ብቻ ምግባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን እየመጠነች ስትከታተል፣ ከስብ ውጪ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት የሚተርፈው ኃይል በቀን ከ30 ኪሎ ካሎሪ ሲወርድ ከአንጎል የሚወጣው ሆርሞን ምት ተዛብቷል፤ በቂ ተብሎ የሚወሰደው 45 ገደማ ነው። እኅትዎ 48 ኪሎ ብትመዝን፣ ከዚያም ውስጥ 42ቱ ከስብ ውጪ ቢሆን፣ በቀን በሁለት ፈረቃ 20 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ወደ 960 ኪሎ ካሎሪ ታቃጥላለች እንበል። በቂ እንዲሆንላት ወደ 2,850 መብላት አለባት። 2,000 ብትበላ፣ ይህም ለተራ ሰው የማያንስ ምግብ ነው፣ የሚተርፋት ለአንድ ኪሎ 25 ብቻ ይሆናል። 30 የሚለው ቁጥር ለሁሉም እኩል የሚሠራ ድንበር እንዳልሆነ፣ ከዚያ በላይ ሆና የምትጎዳም ከዚያ በታች ሆና የምትቋቋምም እንዳለች በኋላ ታይቷል፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

እዚህ ላይ ከራሴ ልምድ አንድ ነገር ልጨምር። በውጭ አገር ጽሑፎች ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ለመክሳት ካለ ፍላጎት ጋር ተያይዞ ይነሣል። እኔ ካየኋቸው ሯጮች መካከል ግን ሆን ብለው ራሳቸውን የሚያስርቡት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ ንጋት ላይ በባዶ ሆዳቸው ወጥተው ይሮጣሉ፣ ተመልሰው ሻይ በዳቦ ይቀምሳሉ፣ ድካሙ የምግብ ፍላጎታቸውን ይዘጋዋል፣ በጋራ በተከራዩት ቤት ተራ የደረሳት እስክታበስል ተኝተው ይቆያሉ፤ ከክለብ ከሚያገኟት ደመወዝም ለቤተሰብ ይልካሉ። ስለዚህ «ብዪ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ምን፣ መቼና በማን ገንዘብ የሚለው መታሰብ አለበት። ከጠዋት ሩጫ በፊት ቴምር ወይም ሙዝ፣ ሩጫው እንዳለቀ ልብሷን ሳትቀይር የምትጠጣው በስኳር ወይም በማር የተበጠበጠ በሶ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቂንጬ ወይም ገንፎ መጨመር ብዙ ለውጥ ያመጣል። የምትጾም ከሆነች በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ሁለት ጊዜ መሮጧ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ጾሟን ተዪ ማለት የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ አጥንቷ እስኪድን ስለ ሰዓቱ ከንስሐ አባቷ ጋር መመካከር እንደምትችል ግን ይንገሯት፤ እኔ የማውቃቸው ሯጮች ሕመማቸውን ሲያስረዱ መልካም ምላሽ አግኝተዋል።

ወደ ራጁ ልመለስ። ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ አለመታየቱ የተለመደ ነው፤ የሚታየው አጥንቱ መጠገን ሲጀምር በሚሠራው አዲስ ሽፋን ነው፣ አንዳንዱም ጨርሶ ሳይታይ ያልፋል። በሳምንቱ የተነሣ ንጹሕ ራጅ «ስንጥቅ የለም» ማለት አይደለም። ጉዳቱን ገና ከጅምሩ የሚያሳየው ኤምአርአይ፣ በማግኔት የሚነሣው ምስል፣ ነው፤ ከዚያም በላይ ደረጃውን ይነግረናል፣ የእረፍቱም ጊዜ የሚወሰነው በደረጃው ነው። ዋጋው የሚከብድ ከሆነ ራጁ አሁን በስድስተኛው ሳምንት ቢደገም ካለፈው የተሻለ ሊናገር ይችላል። እስከዚያው በጣትዎ ጫፍ ቅልጥሟን ከላይ እስከ ታች እየተጫኑ ይሞክሩት፦ ሕመሙ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ከሆነና ሰውነቷ ሲሞቅ የሚቀንስ ከሆነ የአጥንቱ ሽፋን መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ እየሮጠች ሲሄድ የሚብስና ሌሊትም የሚቀሰቅሳት ከሆነ፣ ስንጥቅ ነው ብላችሁ አቁሙ። የውስጥ ጎን መሆኑ በመጠኑ ያጽናናል፤ የቅልጥም የፊት ጠርዝ ቢሆን ለመዳን እጅግ የሚያስቸግር ቦታ ነው። በብሽሽቷ በኩል ሕመም ከጀመራት ግን አንድም ቀን ሳታሳድሩ ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ የታፋ አጥንት አንገት ስንጥቅ ተንሸራትቶ ሙሉ ስብራት ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

መርፌውን አትቀበሉ። ሕመሙ ስንጥቁ እንዳይሰፋ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛውን አስተኝቶ በስንጥቅ ላይ መሮጥ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ሌላም አደጋ አለ። የፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ በየጊዜው ይለወጣል፦ ኮርቲዞን የሚባሉት መድኃኒቶች በየትኛውም ዓይነት መርፌ ቢሰጡ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ ከእነርሱም ትራይአምሲኖሎን በጡንቻ ከተወጋ ከሰውነት እስኪጠራ 60 ቀን እንዲጠበቅ ይመከራል። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ከጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክሏል። ውድድሯ በሁለት ወር ውስጥ ነው ብለዋል፤ ስሙ ያልተነገራትን መርፌ የተወጋች ልጅ ቅልጥሟን ብቻ ሳይሆን ስሟንም ልታጣ ትችላለች።

ስለ ጫማው ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት አንድ የካርቦን ሰሌዳ ያለው ጫማ የሩጫን የኃይል ወጪ በአማካይ በ4 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ትዕግሥት አሰፋም በመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.) በበርሊን ማራቶን 2:11:53 ስትገባ እግሯ ላይ የነበረው በሰሌዳ ፈንታ የካርቦን ዘንጎች ያሉት ተመሳሳይ ጫማ ነበር። ነገር ግን ለፍጥነት የተሠራ ጫማ ለሕክምና አልተሠራም። እንዲያውም በ2023 (እ.ኤ.አ.) በእንዲህ ያለ ጫማ ሲሮጡ በነበሩ አምስት ስፖርተኞች ላይ በእግር መካከል ያለችው ናቪኩላር የምትባል ትንሽ አጥንት እንደተጎዳች ተዘግቧል። አምስት ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ጫናውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል የሚለው ጥርጣሬ ግን በቂ ምክንያት አለው። ያን ያህል ገንዘብ ካላችሁ ለኤምአርአይ አውሉት።

ምሁራኑ ሁሉ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ናቸው ብዬ ግን አላታልልዎትም። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የስፖርት ምግብ ተመራማሪው አስከር ዩኬንድሩፕና ባልደረቦቹ ይህ የኃይል እጥረት የሚባለው ነገር ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑ አልተረጋገጠም፣ ሌሎች ምክንያቶች እየተሸፈኑ ነው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ተገቢ ይመስለኛል፣ በተግባርም ይጠቅመናል፤ የወር አበባ በእርግዝና፣ በእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ በፕሮላክቲን ሆርሞን መብዛትና በሌሎችም ምክንያቶች ይቀራልና፣ ሐኪሟ እነዚህን በደም ምርመራ ሳትለይ «ምግብ ነው» ብላ መደምደም የለባትም። ሌላው ጉድለት ደግሞ ጥናቶቹ የተሠሩት በማን ላይ ነው የሚለው ነው። ከ2014 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) በስፖርት ሳይንስ መጽሔቶች የወጡ 5,261 ጥናቶች ሲቆጠሩ በሴቶች ላይ ብቻ የተሠሩት 6 በመቶ ነበሩ፤ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ እየኖረች፣ እየጾመችና ሁለት ጊዜ እየሮጠች ያለች ልጅ በእነዚህ ውስጥ ምን ያህል እንደምትወከል ይገምቱ። የወር አበባዋን ለመመለስ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ቢታዘዝላት ደግሞ ይጠይቁ፤ ክኒኑ ደም ያሳያል እንጂ ችግሩን አይፈታም፣ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናትም የአጥንትን ጥግግት ያሻሻለው በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኤስትሮጅን እንጂ ክኒኑ አለመሆኑን አሳይቷል።

በዚያው የደም ምርመራ ቫይታሚን ዲ እና የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው ፌሪቲን ይታዩላት። ከፍታ ላይ የሚኖር ሯጭ ብረት ይፈጅበታል፤ ፌሪቲኗ ከ35 በታች ከሆነ ሐኪሟ ብረት ልታዝላት ትችላለች። እንጀራችን ብረት አለው ብሎ መተማመን አይበቃም፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱ እንዳይገባ ያደርጉታል፣ ስለዚህ ቡናው ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ።

ስለ ውድድሩ ያቀረቡት ጥያቄ ቀርቷል። በእኔ ግምት አትደርስም። ስንጥቅ ከሆነ ወደ ሩጫ ለመመለስ እንደ ደረጃው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ ሰባት ወር የቀረ የወር አበባም በአንድ ወር ምግብ አይመለስም። ስትራመድ ካላመማት ብስክሌትና የውኃ ውስጥ ሩጫ ትንፋሿን ያቆይላታል፤ የዚህም ልምምድ ምግብ ይፈልጋል። ለአሰልጣኟ እርሷ ብቻዋን እንድትነግረው አይተዋት፣ አብረው ይሂዱ፤ ብዙ አሰልጣኞች ዝም የሚሉት ክፉ ሆነው ሳይሆን ጥያቄውን መጠየቅ አፍረው ነው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የኤምአርአዩ ውጤት ሲደርስዎ ስሟንና የካርድ ቁጥሯን ሸፍነው እዚሁ ቢለጥፉት ደረጃውን አብረን እናየዋለን።